ሸራው ከእኛ፣ ብረቱ ከእነሱ

ተሾመች ቢጫውን ጀሪካን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ በሌላው የደረጃውን ብረት እየተደገፈች ወደ አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ነበር ጡሩንባው ከአስፋልቱ ማዶ የተነፋው። እግሯ ባለበት ቀረ። ጀሞ በእሑድ ማለዳ ድምፅ አይቸግረውም። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የቅዳሴው ዜማ ይመጣል፤ ከማዶ የጸሎት ቤቱ ሞንታርቦ ይመልስለታል፤ ከታች የሚኒባስ ረዳቶች ይጯጯሃሉ። ጡሩንባ ግን ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ሰው ሁሉ የማን ስም እንደሚጠራ ለመስማት ጆሮውን ያቆማል።

የለታ ድምፅ ነበር። ለታ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ነው፤ እድሩ ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ደግሞ የሁለቱም። ወይዘሮ አስቴር፣ የአቶ ግዛው ባለቤት፣ ዐርፈዋልና በስምንት ሰዓት ለቀብር ድረሱ ሲል ሰማችው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው። ወደዚህ ማዶ ተሻግሮ እንዲለፍፍ ስላልተፈቀደለት ድምፁ ግማሹ ለንፋስ ቀረ። ለተሾመች ግን ግማሹም በቃት። ጀሪካኑን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ያዘች።

አስቴር መታመሟን ታውቅ ነበር። ኩላሊቷን እንደሆነ፣ ፊቷ እንዳበጠ፣ ከአልጋ እንደዋለች ሁሉ ሰምታለች። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስትል ከርማለች። አንድ ቀን ብርቱካን ገዝታ እስከ አስቴር ብሎክ ደረጃ ድረስ ደርሳ ነበር። የልጇን የኢያቄምን ጓደኞች በመንገዱ ሲያልፉ ስታይ ፌስታሉን በነጠላዋ ሸፍና እንደ ሌባ ተመለሰች። ብርቱካኑ ማንም ሳይበላው ሻገተ።

ጎፋ እያሉ፣ ኮንዶሚንየም የሚባል ነገር ሳይመጣ፣ ሁለቱ በቀበሌ ቤት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተዋስነው ይኖሩ ነበር። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከወዲያ "ይማርሽ" ትላት ነበር። ተሾመች ኢያቄምን የወለደች ጊዜ ትኩሳት ጥሏት፣ ጡቷ ደርቆ፣ ሐኪም ቤት ተኝታ ቀረች። አስቴር ያኔ ልጇን ዮዳሄን ታጠባ ነበር። ኢያቄምን ወስዳ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርጋ ሁለቱን አሳደገች። ደግሞ በጎፋ ሰው ሲሞት ሙሾ የሚያወርድ ሲፈለግ የሚጠራው የአስቴር ስም ነበር። የተሾመች እናት የሞተች ዕለት አስቴር አልቅሳ ያስለቀሰችውን ሰው የጎፋ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ኋላ አስቴር ጌታን ተቀበልኩ ብላ ማተቧን ፈታች። ተሾመች ሳምንት አለቀሰች፤ ከዚያ ተወችው፤ ከዚያ እንደ ድሮው ሆኑ። በጾም ቀን አስቴር ለራሷ ሥጋ ብትሠራ እንኳን ለተሾመች በሌላ ድስት ሽሮ ትጥድላት ነበር። የኮንዶሚንየም ዕጣ ጀሞ የወጣላቸውም ከአስፋልቱ ማዶ ለማዶ ፊት ለፊት ሆነና እልል አሉ። የሆነው የሆነው ልጆቹ ካደጉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ክርክር ነበር። ቀጥሎ በየስልኩ ስድብ ሆነ። ቀጥሎ ሞንታርቦ ከሞንታርቦ ጋር ተጯጯኸ። በመጨረሻ ዝም ተባባሉ፤ ዝምታው ከሁሉም ከፋ።

እድሩ የተከፈለው ባለፈው ግንቦት ነበር። ምክንያቱን ቢጠይቋቸው ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር አይናገሩም። በአንድ ለቅሶ ላይ ፍትሐት እየተደረገ መዝሙር ተነሣ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ መዝሙሩ ሲዘመር ነው ፍትሐቱ የተጀመረው የሚሉም አሉ። ብቻ ጎላ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ሳህኑ ሁሉ እኩል ተካፈለ። ጉዱ የመጣው ድንኳኑ ላይ ነው። ድንኳኑ አንድ ነበር። እነሱ ይውሰዱት የሚል ከሁለቱም ወገን ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ሲጨቃጨቁ ውለው፣ ሸራው ለነባሩ እድር፣ ብረቱ ለወጡት ለጸሎት ቤቱ ሰዎች ይሁን ብለው ፈረዱ። ያን ቀን ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ገቡ። ሁለቱም በልባቸው፣ ሞት ሲመጣባቸው እነሱ ሊለምኑን ይመጣሉ ብለው ነበር። ሞት ግን እስከ ጥር ድረስ ወዲህም ወዲያም ሳይል ቆየ።

ከክፍፍሉ በኋላ ነባሩ እድር ደንብ አወጣ። የወጡትን ሰዎች ለቅሶ የሚደርስ አባል ስሙ ይሰረዛል የሚል ነው። ደንቡን ቆሞ ያነበበው የእድሩ ጸሐፊ ኢያቄም ነበር። ተሾመችም አጨብጭባለች። ልጇ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳይደናቀፍ ሲያነብ ደስ ብሏት እንጂ ቃሉን አላስተዋለችውም ነበር።

ቤት ስትገባ ባሏን ጋቢውን ሲከናነብ አገኘችው። ደምሰው ከወታደር ቤት ከወጣ ብዙ ዘመኑ ቢሆንም ሰው ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚለው። የእድሩ ዳኛ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቤት ውስጥም እንደ ችሎት ነው የሚቀመጠው። ሰምቷል። ዓይኑን ሳያነሣ ነፍስ ይማር አለ። ተሾመች ሸራ እንደሌላቸው ነገረችው፤ ማንም የማያውቀው ነገር የነገረችው ይመስል። ጥር በመሆኑ ኪራይ ቤቶቹ ድንኳናቸውን ሁሉ ለሰርግ አውጥተዋል፤ አስቴር በጠራራ ፀሐይ ልትሸኝ ነው። ደምሰው ስለ ደንብ፣ ስለ ሥርዓት፣ ዳኛ ደንቡን ካፈረሰ ማን ያከብረዋል ስለሚለው ነገር ረጅም ተናገረ። ሲጨርስ ድምፁ ቀለል አለ።

"አንድ ሰው መጥቶ ስጡን ቢለኝ እኔው ራሴ ተሸክሜ አደርስ ነበር" አለ።

"ባይጠይቁስ?"

"እንግዲያው አላስፈለጋቸውማ።"

ይህን ብሎ ወደ ቅዳሴ ሄደ። ተሾመች ብቻዋን ቀረች። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ከእድር የተሰረዘ ሰው ሬሳውን ማን ያነሣል? እሷ ለትንሹም ለትልቁም የምትሰጋ ሴት ናት፤ ልጇ አምሽቶ ሲገባ እንኳን ሦስቴ በረንዳ የምትወጣ። ቢሆንም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ቁልፉን ስታነሣ ወደ ሥዕሉ ቀና ብላ፣ "አንቺም እናት ነሽ" አለች።

ዕቃ ቤቱን ከፍታ የሸራውን ጫፍ ስትጎትት አልንቀሳቀስ አላት። አራት ወንድ የሚሸከመውን ነገር ብቻዋን አወጣለሁ ብላ መምጣቷ ራሷን ሊያስቃት ደርሶ ነበር፤ ለታ በሩ ላይ ደረሰ። ሽማግሌ ነው። ይህ ሁሉ ፎቅ የቆመበት መሬት የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር፤ አሁን በላዩ ላይ ዘበኛ ሆኖ ውሃ በእጅ ጋሪ ያመላልሳል። ጡሩንባውን ብብቱ ሥር እንደያዘ ሸራውንም፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላዋንም አየ።

"እትዬ ተሾመች፣ ይኼን ጡሩንባ መሐል ለመሐል መጋዝ አቅቷችሁ ነው እንጂ እሱንም ትካፈሉት ነበር" አላት።

"ጋሪህን አምጣ፣ ለታ።"

"ሃምሳ አለቃ ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። አልፈቀዱም እንጂ ያውቃሉ።"

ለታ ሳቀ። ጋሪውን አመጣ። ሸራውን ጠቅልለው፣ እሱ ከፊት እየጎተተ፣ እሷ ከኋላ እየገፋች ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረዱ። በየበረንዳው ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች እጃቸው ላይ ልብሱን እንደያዙ ያይዋቸዋል። አንዳንዷ ዐውቃ ፊቷን መለሰች፤ ያላየች ሰው ምስክር አትባልም።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ኢያቄም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቆሞ ነበር። ነጠላውን ደረቱ ላይ አጣፍቷል። ቁመቱ የአባቱን ነው፤ ጸባዩ ድሮ የማንም ያልሆነ፣ የራሱ ብቻ የሆነ ሳቂታ ነበር። አሁን ከስልኩ ጋር ሲከራከር ያመሻል። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ለማታየው ሰው መልስ ሲሰጥ ትሰማዋለች።

"እማዬ፣ ይኼ የእድሩ ንብረት ነው" አለ በቀስታ።

ተሾመች ማታ እንደሚመለስ ነገረችው። እሱ ነገሩ የመመለስ አይደለም አለ። ስለ ደንቡ፣ ስለ ጉባኤው፣ የእሱ እናት መሆኗ ነገሩን እንዴት እንደሚያባብሰው አስረዳት። ጓደኞቹ መሬት መሬት ያያሉ። ለታ ጋሪው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ክርክሩን ቶሎ እንዲጨርሱለት ለመናቸው። ማንም አልሳቀለትም።

"ኢያቄም" አለች ተሾመች። "ያጠባችህ ሴት ናት።"

አዲስ ነገር አልነገረችውም። ያውቃል። በልጅነቱ አስቴርን ትልቋ እማዬ ነበር የሚላት። ልጁ ወደ ጓደኞቹ ተመለከተ፤ ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ዝቅ ብሎ ተናገረ።

"አውቃለሁ። ያኔ ግን ገና ከእኛ አልወጣችም ነበር። ወተቱ የእኛ ነበር።"

ተሾመችን ያስደነገጣት ቃሉ ብቻ አልነበረም። መልሱ ዝግጁ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ቀድሞ ያሰበበት ሰው ነበር። ምናልባት አንድ ሌሊት ተኝቶ፣ የዚያች ሴት ወተት በደሙ ውስጥ እንዳለ ትዝ ብሎት፣ ሲገላበጥ አድሮ፣ ነጋ ሲል ይህን መውጫ አግኝቶ ተገላግሎ ይሆናል። ልጇ ከገዛ አጥንቱ ጋር ሲከራከር እንደኖረ ያን ጊዜ ገባት። ስንት ነገሩን ቆርጦ ጥሎ ይሆን እዚህ የደረሰው?

"ማዶ ከገባሽ" አለ፣ "ከእጅሽ እህል አልቀምስም።"

ያደርገዋል። ያለውን የሚያደርግ ልጅ ነው፤ ያሳደገችው እንደዚያ አድርጋ ነው። ተሾመች ከጋሪው ኋላ ዘወር ብላ ሸራው ላይ እጇን ጫነች።

"ሳበው፣ ለታ" አለች።

ማዶ የነበረው ነገር ለዓይን ይከብዳል። ብረቶቹን አቁመዋቸዋል። ሸራ እንደሌለ እያወቁ፣ ማቆም ልማድ ስለሆነ ብቻ፣ ቋሚውንም አግዳሚውንም ገጥመው ተክለውታል። ሥጋው ያለቀ የከብት አጽም ይመስል ነበር። ለቀስተኛው ከሥሩ፣ የብረቱ ጥላ ፊቱ ላይ እየተጋደመ ተቀምጧል። አቶ ግዛው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ መሐል ላይ ነበር። ዮዳሄ፣ የአስቴር የበኩር ልጅ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ ወጣቶቹን ያስተናግዳል። ጋሪውን ሲያይ መጣ። በልጅነቱ ከተሾመች እጅ ቂጣ ነጥቆ የሚሮጥ ልጅ ነበር። አሁን ሰላምታ እንኳን ከአፉ በግድ ነው የወጣው።

"ማንም አልጠየቀም፣ እትዬ" አላት።

አውቃለሁ አለችው። እሱም ሸራው ላይ በትልልቁ የተጻፈውን የቅድስት ማርያም መረዳጃ እድር የሚለውን ጽሑፍ እያሳየ፣ ይህ በእናቱ ላይ እንደማይዘረጋ፣ እናቱ ወደ ክብር እንደገባች፣ የዚህ ዓለም ፀሐይ እንደማይጎዳት ተናገረ። ተሾመች ቃሉን እየሰማች ሳለ ሌላ ልጅ የሚናገር መሰላት። አንድ ወተት የጠጡ ሁለት ልጆች፣ አንደኛው አስፋልቱን ወዲያ፣ አንደኛው ወዲህ ሆኖ ዘግቶባታል። በዚያች ሰዓት ሁለቱንም አንሥታ ማዘል አማራት፤ ጎፋ እያሉ ሲጣሉ እንደምታደርገው።

"እሷን አይጎዳት ይሆናል" አለ አቶ ግዛው ከተቀመጠበት። "እኔን ግን አናቴን አቃጠለኝ። ዘርጉት።"

ወጣቶቹ ዮዳሄን ያያሉ እንጂ አልተነቃነቁም። የተነሣችው ዶርቃ ናት፣ የአስቴር ሴት ልጅ። ምንም ሳትናገር መጥታ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዘች። ከኋላዋ በጎፋ ጎረቤት የነበሩት አሮጊቶች ተነሡ። ድንኳን መትከል የወንድ ሥራ ስለሆነ አንዳቸውም አያውቁበትም፤ ገመዱን እንደ ጥጃ ነው ያሰሩት። ለታ ከታች ሆኖ ወዲህ ሳቡት፣ ወዲያ ልቀቁት እያለ ያዛል። ዮዳሄ መከልከሉ ሲያቅተው፣ እንግዲያው ጽሑፉ እንዳይታይ ገልብጣችሁ ዘርጉት አለ። ገለበጡት። የእመቤታችን ስም ከመንገደኛው ዓይን ተሰወረና ከለቀስተኞቹ አናት በላይ ሆነ። ይህን ያላሰበው ዮዳሄ ቀና ብሎ ካየ በኋላ እስከ ቀብር ድረስ ቀና አላለም።

ሳጥኑ ከቤት ወረደ። ተሾመች ዶርቃ አጠገብ ተቀመጠች። ወንጌላዊው ስለ ትንሣኤ ጥሩ ነገር ተናገረ። ነገሩን ሲጨርስ ግን መንገዱን ስቶ፣ ለሥዕልና ለእንጨት ስለሚሰግዱ፣ ሙታን ያማልዱናል ስለሚሉ ሰዎች ጀመረ። ዓይኑ የተሾመች ማተብ ላይ ነበር። ዶርቃ እጇን አጥብቃ ያዘቻት። እዚህም፣ ሬሳ ፊት እንኳን፣ ክርክሩ አላረፈም። ተሾመች በድንገት ድካም ተሰማት፤ ከጋሪው የመጣ ድካም አይደለም። ይህ ሁሉ ሰው፣ ወዲህም ወዲያም፣ ስለ እግዚአብሔር ሲነታረክ አንዲት አስቴር በመሐል ሳይለቀስላት ልትሄድ ነው።

ተነሣች። ተቀይማ የምትወጣ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። ወደ ሳጥኑ ሄደች። ሙሾ አውርዳ አታውቅም፤ ያ የአስቴር ሥራ ነበር። ድምፏ መጀመሪያ ተሰበረ።

"ጎፋ ስታለቅሺ አገር የሚያለቅሰው፣
ላንቺ ጠፋ ዛሬ አንድ እንባ የሚያፈሰው።"

ዮዳሄ ለኪቦርዱ ልጅ በእጁ ምልክት ሰጠ። ሞንታርቦው ጮኸ፤ መዝሙሩ ተሾመችን ዋጣት። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ቃሉ አይሰማም። አቶ ግዛው ከወንበሩ ተነሣ። ማንንም ሳያይ፣ በዝግታ፣ ገመዱን ተከትሎ እስከ ግድግዳው ሄደና ሶኬቱን ነቀለው። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

"ቀጥይ፣ ተሾ" አላት።

"ባንድ ግድግዳ ኖረን ባንድ ጡት ልጅ አሳድገን፣
መንገድ ማዶና ማዶ ማን ነው እንዲህ ያረገን።"

ከጎፋ አሮጊቶች አንዷ ደረቷን መታች። ሌላዋ ወይ አስቱ አለች። አይለቀስም የተባሉት ሴቶች፣ ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ በየለቅሶው እየዘመሩ የዋሉት፣ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው መንሰቅሰቅ ያዙ። ዶርቃ ጮኸች። ዮዳሄ ማይኩን እንደያዘ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተሾመች ቀብር ሄደች፤ ከቀብር ተመልሳም እጇን ታጥባ ንፍሮውን ዘገነች። ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር። ደምሰው መብራት ሳያበራ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ስሟን መሰረዙን ነገራት። እሱም እንደ ዳኛነቱ ፈርሟል። ደንብ ነው አለ፤ ቃሉ ግን እንደ ጠዋቱ አልጠነከረም። ጥቂት ቆይቶ ብረቱ ሸራውን በደንብ ያዘው ወይ ብሎ ጠየቃት።

"እንዴት አይይዘውም? ልኩ ነው። አንድ ላይ እኮ ነው የተሠሩት።"

ራሱን ነቀነቀ።

ኢያቄም ራት ላይ ገባ። እጁን ታጠበና ከማዕዱ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ። አልቀረበም፤ አልወጣምም። ከነጋ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰ ከንፈሩ ይናገራል። ተሾመች ከምስር ወጡ ጠቅልላ ጎረሰች። ሌላ ጠቀለለች፤ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች።

"እዚያ በልተሻል?" አላት።

"በልቻለሁ።"

ልትዋሽለት ትችል ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት ነገር ዋሽታለታለች። እጇ በአየር ላይ ቆየ። ወጡ በጣቶቿ መሐል አልፎ ወደ አንጓዋ ወረደ። ደምሰው ማላመጡን አቁሟል። ኢያቄም እጇን ያያል፤ ከዚያ ግድግዳውን ያያል፤ ከዚያ መልሶ እጇን ያያል።

"እስከ መቼ ነው ያጠባችኝ?" አለ፣ ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስል።

"ጥርስ እስክታወጣ። እንዲያውም ነክሰሃት ታውቃለህ። ደም በደም ነው ያደረግካት።"

"ምን አለች?"

የተሾመች ክንድ ዝሏል። አላወረደችውም።

"ሳቀች" አለችው። "ሳቀችና ሌላኛውን ጡቷን ሰጠችህ።"